አጥንቱ ተሰባሪ በሆነ ሰው ጉልበት ላይ የጅማት ጥገና፦ በራሴ እግር የተማርኩት

ኦስቲዮጄኔሲስ ኢምፐርፌክታ የሚባለው የተሰባሪ አጥንት ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው ዓይነት 1 ኮላጅን የተባለውን የሰውነት ገንቢ ፕሮቲን በሚሠሩት ጂኖች ላይ በሚደርስ ለውጥ ነው፤ ጅማትም የሚሠራው ከዚሁ ኮላጅን በመሆኑ ችግሩ በአጥንት ብቻ አይወሰንም። እኔ ያለብኝ ቀላል የሚባለው ዓይነት ነው። ደረጃ ስወርድ የጉልበቴን ሎሚ ከቅልጥሜ ጋር የሚያያይዘው ጅማት ሲበጠስ፣ መጀመሪያ ያዩኝ ባለሙያ ስብራት ብቻ ፈልገው ስላጡ በሰላም ሂድ አሉኝ። ሆኖም የተኛሁበት ሆኜ እግሬን ቀጥ አድርጌ ማንሳት አልቻልኩም፤ ሎሚውም ከቦታው ወደ ላይ መሸሹ በዚያው ኤክስሬይ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ሁሉ «ተሰበረ ወይስ አልተሰበረም» በሚል ጥያቄ ብቻ መመርመሩ፣ በእኔ አስተያየት፣ ትልቁ ክፍተት ነው።

ቀዶ ሕክምናውን ከሠሩልኝ ሐኪም ጋር በሰፊው የተነጋገርነው ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በምን እንደሚያያዝ ነበር። አጥንት ውስጥ የሚተከሉ ትንንሽ ማሰሪያዎች ከለስላሳ አጥንት ተነቅለው ሊወጡ ይችላሉ፤ ለክር ማለፊያ የሚበሱት ቀዳዳዎች ደግሞ ሎሚውን ሊሰነጥቁት ይችላሉ። እርሳቸው ጠበብ ያሉና የተራራቁ ቀዳዳዎችን መርጠው፣ የተሰፋውን ጅማት ጫና የሚያቀልለት ጠንካራ ክር በተጨማሪ አዞሩበት።

ከሰመመን ሰጪው ባለሙያ ጋርም አስቀድሜ እንድገናኝ ጠይቄ ነበር። አንገቴ በኃይል ወደ ኋላ እንዳይታጠፍ፣ ጥርሶቼ እንዲጠበቁ፣ የደም ግፊት መለኪያው ክንዴን አጥብቆ እንዳይጨምቅ፣ ደም ለመግታት ጭን ላይ የሚታሰረውም በእርግጥ ካላስፈለገ እንዲቀር ተስማማን።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ትዕግሥት ይፈትናል። ጄሶ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የማይንቀሳቀሰውን አጥንት ይበልጥ ስለሚያሳሳው፣ የሚታጠፍበት መጠን የሚስተካከል የጉልበት ድጋፍ ተደረገልኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ የደረቀውን ጉልበት በእጅ ገፍቶ ማጠፍ የተለመደ መሆኑን ሲነግሩኝ፣ በእኔ እግር ላይ ከመገጣጠሚያው በፊት አጥንቱ ሊሸነፍ እንደሚችል አስረዳኋቸው። ከዚያም ተረከዜን አልጋው ላይ እያንሸራተትኩ በራሴ ጡንቻ ማጠፍ፣ እርሳቸው ደግሞ የታጠፈበትን ዲግሪ ለክተው መመዝገብ የዘወትር ሥራችን ሆነ፤ የቀጣዩን ሳምንት ገደብም የምንወስነው በዚያ መዝገብና በሐኪሙ ፈቃድ ነበር።