እቁቤ ያስቀረኝ ሠርግ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የልጅነት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «አንቺማ ታድለሻል! ቁርስሽን ለንደን፣ ምሳሽን ፓሪስ» አለችኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለንደን ለሚኖር ሰው ከፓሪስ ይልቅ ናይሮቢ ትቀርባለች። ኬንያ ያለ ቪዛ ታስገባኛለች። ፓሪስ ለመሄድ ግን አሻራ ሰጥቼ፣ የባንክ ሒሳቤን ገልጬ አሳይቼ፣ ደጅ መጥናት አለብኝ። እንግሊዝ የአውሮፓ ኅብረት አባል በነበረችበት ዘመን እንኳን በአንድ ቪዛ የሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ፣ ሼንገን ውስጥ አልገባችም፤ የእኔ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድም ባሕሩን አይሻገርም።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ፍራንክፈርት ነው። እሷ በጀርመን የመኖሪያ ፈቃዷ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ሌሎቹን የሼንገን አገሮች እየዞረች ትጎበኛለች፤ እኔን ለመጠየቅ ግን የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልጋታል። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ተራርቀን፣ ለመጠያየቅ ሁለታችንም የመንግሥት በር እናንኳኳለን።

ስታገባ በእናታችን ቦታ የምቆመው እኔ ነበርኩ። የጥሪ ደብዳቤው፣ የአሠሪዬ ማረጋገጫ፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው የጉዞ ጤና መድን፣ 90 ዩሮው የማመልከቻ ክፍያ፣ ሁሉም ተሟላ። በዚያው ወር ደግሞ እቁብ ወጣልኝ። ሃያ ሰዎች በየወሩ 250 ፓውንድ እንጥላለን፤ 5,000 ፓውንድ ማለት ነው። ለቪዛውም ሞገስ ይሆነኛል ብዬ እንዳለ ባንክ አስገባሁት።

ማመልከቻ የተቀበለችኝ ወጣት የባንክ ወረቀቴን ስታገላብጥ ቆይታ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

«ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?»

«ከእቁብ።»

«ባንክ ነው?»

«አይደለም። ሃያ ሆነን እናዋጣና በየወሩ ለአንድ ሰው…»

«ብድር ነው ማለት ነው። ወለዱ ስንት ነው?»

«ወለድ የለውም። ዕጣ ነው የሚወጣው።»

«ሎተሪ አሸነፉ?»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ጆሮውን ጣል አድርጎ ያዳምጣል። ላብ አጠመቀኝ። ለሠርግ፣ ለሕመም፣ ለቤት ኪራይ ማስያዣ ስንደጋገፍ የኖርንበት ነገር በእኔው አፍ የቁማር ቤት መሰለ። በመጨረሻ የተከፈለበትን ደረሰኝ ጠየቀችኝ። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ «እቁብ ደረሰኝ» ብዬ እገላገል ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2024 ሚያዝያ ወዲህ፣ ከአውሮፓ የሚባረሩ ዜጎችን በመቀበል ጉዳይ መንግሥታችንና ኅብረቱ ስላልተግባቡ፣ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ መደበኛ የመታያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። የእኔ መልስ የመጣው ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ከተደረደሩት ሳጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት ተደርጓል፤ በቂ መተዳደሪያ እንዳለኝ አላስረዳሁም ይላል። 5,000 ፓውንድ ባይኖረኝ ምን ሊሉኝ ኖሯል? የመልሱን ካባ በስልክ አየሁት። ያውም አንዱ እንግዳ እየተገተረ ሲከልልብኝ።

ግን በእነሱ ብቻ አልፈርድም። ቪዛ ሊጠይቅ ሲል ከአጎት፣ ከአክስት ተበድሮ ሒሳቡን የሚያሳብጥ፣ አሳይቶም በማግስቱ የሚመልስ ሰው እኛው መካከል ሞልቷል። የእኔ እቁብ ያንን መሰለ። የባሰው ደግሞ ያገር ልጅ ምክር ነው። ነገሩን ስነግራቸው አንዱ እቁብተኛ፣ «ደብዳቤ እንጻፍላትና ማኅተም እናስቀርጽ፤ ክብ ማኅተም ያለበትን ማን ይጥለዋል?» አለ። አገር ቤት እውነት ሁሉ ክብ ነው! ተቆጥቼ ዝም አሰኘሁት። ማመልከቻና አሻራ አምስት ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል፤ አንድ የሐሰት ወረቀት ከተገኘ ቀጣዩንም ጉዞ ይዞ ይሄዳል። እናንተም «ለንደን ልግባ እንጂ አውሮፓን እዞራለሁ» የምትሉ፣ ደመወዝ የሚገባበትና ኪራይ የሚወጣበት ቀጭን ሒሳብ በአንድ ሌሊት ከሰባ ሒሳብ ይሻላል። ፓስፖርታችሁም ከመመለሻችሁ ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። እሱን እንኳ ሳያዩ ቲኬት የሚቆርጡ አሉ።

በዓመቱ እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። ለሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደገና አመለከትኩ። በዚህኛው ጊዜ እህቴ እዚያው የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄዳ፣ ብታመም ወይም ሳልመለስ ብቀር ወጪውን እንደምትሸፍን ፈረመችልኝ። ለካ ጀርመንም ዋስ ያውቃል! እቁባችን ያለ ዋስ ገንዘብ እንደማይሰጠው ሁሉ እነሱም ሰው በዋስ ይቀበላሉ። ይህን ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ ለዚያች ማመልከቻ ተቀባይ እቁብን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የስድስት ቀን ቪዛ ተሰጠኝ፤ ሕፃኗን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ።

ባለፈው እሑድ የእቁባችን አዲስ ዙር ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ዕጣ የእኔ ሆነ። ሁሉም እልል ሲል እጄን አነሣሁና፣ «ለሌላ ሰው ስጡልኝ፤ በሚቀጥለው ወር ቪዛ እጠይቃለሁ» አልኩ። ጸሐፊው ደብተሩን እንደያዘ በስሜ ትይዩ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጠፋው።