የገዛ ራስን በገዛ እጅ መላጨት

ፂሙን በየማለዳው የሚላጭ ሰው ራሱን ለመላጨት የሚፈራው እጁ ስለማይችል አይደለም፤ ዓይኑ ስለማይደርስ ነው። ፊት መስታወት ውስጥ አለ። ማጅራት የለም፤ ከጆሮ ጀርባ ያለው ስርጉድም፣ አናት ላይ ያለው ሽክርክሪትም የለም። ስለዚህ ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሁለተኛ መስታወት መግዛትን ነው። መስታወቱ አይከፋም፣ ግን ለማረጋገጫ እንጂ ለሥራው አይሆንም። ከፊትና ከኋላ መስታወት ሲያዝ ግራና ቀኙ ከለመድነው ይገለበጥና እጅ ግራ ይጋባል፤ ምላጭ የያዘ እጅ ደግሞ ግራ ባይጋባ ይሻላል። ይህ በጣት የሚሠራ ሥራ ነው። ቀኝ እጅ መላጫውን ይይዛል፤ የግራ እጅ ጣቶች ከፊት ከፊት እየቀደሙ ቆዳውን ይወጥራሉ፣ የቀረውን ፀጉር ይፈልጋሉ፣ እብጠትና ጠባሳ ካለ ቀድመው ያገኙታል። ልምምዱ በአብዛኛው የግራ እጅ ልምምድ ነው። (ግራኝ የሆነ ይገልብጠው።)

ከመጀመሩ በፊት መወሰን ያለበት ነገር አለ፦ እስከምን ድረስ? ብዙ ሰው ራስ መላጨት ሲባል ሙልጭ ብሎ የሚያበራውን ብቻ ያስባል። ያለ ማበጠሪያ በማሽን የተላጨ፣ ፀጉር ቤት «ዜሮ» የሚባለው ራስ፣ ላዩ ላይ የሚቀረው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ከምላጩ ጋር ያለው ልዩነት ለዓይን ሳይሆን ለመዳፍ ነው። ምላጭ ከማሽኑ በግልጽ የሚበልጥበት ቦታ አንድ ነው፦ መሐል አናቱ ራሰ በራ የሆነና ዙሪያው ጥቁር ፀጉር ያለው ሰው፤ ዜሮው ቀለበቱን ስለማያጠፋው። ሌላው ሰው ግን ማሽኑን በደንብ ቢማር ምላጩን ጨርሶ ላይፈልገው ይችላል። እኔ ጀማሪን ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት በማሽን ብቻ ይቆይ እላለሁ፤ የራስ ቅሉ ጉብታና ጎድጓዳ እጅ ውስጥ እስኪገባ።

ማሽኑ ላይ የሚገጠሙት የፕላስቲክ ማበጠሪያዎች ቁጥር በአብዛኛው ይመሳሰላል፦ 1 ቁጥር 3 ሚሊ ሜትር ያስቀራል፣ 2 ቁጥር 6፣ 3 ቁጥር 10፣ 4 ቁጥር 13። ያለ ማበጠሪያ ሲሠራ ግን ቆዳውን የሚጠብቀው የስለቱ አቀማመጥ ብቻ ነው። ከታች የማይንቀሳቀስ ጥርስ አለ፣ ከላይ የሚመላለሰው። የሚመላለሰው ጫፍ ከታችኛው ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ መቅረት አለበት። እኩል ከሆነ ወይም ካለፈ ቆዳ ይበጣል፤ ሲወድቅ፣ ወይም ለማጽዳት ተፈትቶ ሲገጠም ደግሞ በቀላሉ ይዛነፋል። ሁለቱ ብሎኖች ይላላሉ፣ ጥርሱ በዓይን ትክክል ተደርጎ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ጭንቅላት ላይ ሳይሆን ክንድ ላይ ይሞከራል። ክንድ ላይ ቀይ ጭረት ካስቀረ ራስ ላይ የሚያደርገው የታወቀ ነው።

ዘይት አይረሳ። ማሽኑ እየሠራ ሁለት ሦስት ጠብታ የማሽን ዘይት ጥርሶቹ ላይ፣ ከዚያ ትርፉ በጨርቅ ይጠረጋል። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ ውሎ አድሮ ሙጫ ይሆናል። ዘይት ያጣ ስለት ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይነቅላል፤ ደግሞም ይግላል። በየሁለትና ሦስት ደቂቃው ስለቱን የእጅ አንጓ ላይ ማስነካት ነው፤ እጅን የሚያቃጥል ከሆነ አጥፍቶ ማቀዝቀዝ። «ማሽን አይስማማኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያልተስማማው የጋለና የዛገ ስለት ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ማሽን ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ) ነው፤ እዚህ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ትራንስፎርመሩም ሙሉ መፍትሔ አለመሆኑን ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይነካም፤ በማግኔት የሚርገበገቡት ከባዶቹ ማሽኖች ደግሞ የተስተካከሉት ለ60 ነው። 50 ላይ ሲሠሩ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ጉልበታቸው ይወርዳል። ጎኑ ላይ ያለችውን ብሎን ቀስ ብሎ ማዞር አንዳንዴ ያረጋጋዋል፦ መንጫጫት እስኪጀምር ማጥበቅ፣ ከዚያ ድምፁ እስኪለዝብ መመለስ። ለቤት የሚሻለው ቻርጀሩ ላይ «100–240» የተጻፈበት ባለ ባትሪ ነው። መብራት ሲጠፋም ግማሽ ጭንቅላት ይዞ ሰው ፊት ከመውጣት ያድናል፤ ግን ባትሪው ሙሉ መሆኑ የሚረጋገጠው ከመጀመሩ በፊት ነው።

ጎፈሬ ላይ ዜሮ አይሰደድም፤ ማሽኑ ያንቃል፣ ይጎትታል። መጀመሪያ በመቀስ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ 2 ቁጥር፣ ከዚያ ባዶው። ፀጉሩ የታጠበና ፈጽሞ የደረቀ ይሁን፤ ቅባትና እርጥበት ፀጉርን ያስተኛዋል። ማሽን የሚሄደው ፀጉሩ ከተኛበት ተቃራኒ ነው፦ ከግንባር ወደ አናት፣ ከማጅራት ሽቅብ፣ ከጆሮ ግንድ ወደ ላይ። ሽክርክሪቱ ላይ ፀጉሩ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚዞር አንድ ጊዜ ማለፍ አይበቃም፤ ከአራቱም ጎን መስቀለኛ ማለፍ ነው። የቀረውን የሚያገኘው መዳፍ ነው፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሲዳሰስ በሁለቱም በኩል የሚሻክር ቦታ ካለ እዚያ አልተነካም።

ወደ ምላጩ የሚሄድ ሰው ከዚህ በኋላ ይቀጥላል። ፀጉር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚያስፈልገውም ጉልበት በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ሦስት ደቂቃ ራስ ላይ ይቆይ፣ ወይም መላጨቱ ከሻወር በኋላ ይሁን። የልብስ ሳሙና ቆዳውን ያደርቀዋል፣ አረፋውም ቶሎ ይሞታል። የመላጫ ክሬም ከሌለ የፀጉር ኮንዲሽነር ይተካዋል፤ እንዲያውም አረፋ ስለማይሠራ ከሥር ያለውን ጠባሳ አይሸፍንም። ጠባሳ ያለበት ሰው ይህን ቢመርጥ ጥሩ ነው።

አቅጣጫው አሁን ይገለበጣል። ማሽን ሽቅብ ሄዷል፤ ምላጭ የሚሄደው ፀጉሩ ወደ ተኛበት ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ ፀጉሩ ከሽክርክሪቱ ተነሥቶ ወደ ግንባር፣ ወደ ጆሮና ወደ ማጅራት ይወርዳል። ማጅራት ላይ ግን መተማመን የለም፤ ብዙ ሰው ላይ ወደ ጎን ይጠመዘዛል፣ ሽቅብ የሚተኛም አለ። ስለዚህ ከማርጠቡ በፊት በጣት እየዳሰሱ፣ የቱ ጋ ወዴት እንደሚለሰልስ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከጎን ይጀመር፤ ሜዳ ነው፣ ይታያል። ከዚያ ላይኛው። የኋላው መጨረሻ ይሁን፤ እስከዚያው ክሬሙ ሥር እየራሰ ይቆያል።

ምቱ አጭር ነው፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር። ራስ ክብ ስለሆነ ረጅም ምት መሐል ላይ የምላጩ ማዕዘን ይለወጣል፤ ቆዳ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በዚህ ነው። ምላጩ የሚቀየርለት የድሮው መላጫ ከሆነ እጀታው ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ገደማ ይያዝ፤ ክብደቱ ይበቃዋል፣ መጫን አያስፈልግም። ተጭነው ካልሆነ የማይቆርጥ ከሆነ ምላጩ ደንዟል። በየሁለት ሦስት ምቱ በውሃ ይታጠብ። ስለቱን በርዝመቱ ወደ ጎን ማንሸራተት ክልክል ነው፤ እንደ ቢላ ወደ ጎን የሄደ ምላጭ ፀጉር ሳይሆን ቆዳ ይቆርጣል።

የሚያስቸግሩ ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ከጆሮ ጀርባ ሲሠራ ጆሮው ወደ ፊት ይታጠፋል፣ ምቱ ከላይ ወደ ታች ይሆናል። ማጅራት ላይ የቆዳ እጥፋት ያለበት ሰው አገጩን ደረቱ ላይ ያሳርፍ፤ እጥፋቱ ይዘረጋል። ከኋላ በኩል ጎልቶ የሚዳሰሰው አጥንት ላይ ከላዩም ከታቹም ለየብቻ መሥራት ነው፤ በአንድ ምት ልለፍ ያለ ሰው ጫፉን ይልጠዋል። ሰረሰሩ ጎድጓዳ ስለሆነ መላጫው አይገባም፤ ቆዳውን በጣት ወደ ጎን ስቦ ጉድጓዱን ማውጣት ያስፈልጋል። ማርያም የሳመችው ወይም ኪንታሮት ካለ ዙሪያውን መሄድ ነው።

አንድ ዙር ካለቀ በኋላ ራስ እንደገና ክሬም ተቀብቶ ፀጉሩ ለተኛበት አግድም አንድ ጊዜ ሊላጭ ይችላል። እዚያ ላይ ማቆም ነው ሥራው። ሦስተኛው፣ ሽቅብ የሚሄደው ዙር ነው መስታወት የሚያስመስለው፤ የሚቀጣውም እሱ ነው። የእኛ ፀጉር ከቆዳው ሥር ጀምሮ የተጠማዘዘ ነው። ሽቅብ ሲላጭ፣ ይልቁንም አራትና አምስት ስለት ባለው መላጫ፣ ፀጉሩ ተስቦ ይቆረጥና ጫፉ ከቆዳ በታች ይሰወራል። ሲያድግ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ተጠማዝዞ ቆዳውን ከውስጥ ይወጋል፣ ወይም ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ብጉር የሚመስል ነገር ማጅራት ላይ የሚሰለፈው በዚህ ነው። ይህ የሚያስቸግረው ሰው ባለ አንድ ስለት ይጠቀም፣ ካልሆነም ዜሮው ላይ ይቆይ። በጥፍር መፈንቀል አይገባም።

ማጅራት ላይ ያለው እብጠት እየጠነከረ፣ እየተያያዘ፣ ፀጉር የማይበቅልበት ጠባሳ ከሆነ ነገሩ ከመላጨት ስህተት አልፏል። በሕክምና የታወቀ፣ ፀጉራቸው በጣም በተጠቀለለ ወንዶች ላይ የሚበዛ ሕመም ነው፤ ቶሎ ሲታይ በቅባትና በመርፌ ይረግባል፣ ሲቆይ ግን ቀዶ ጥገና እስከመፈለግ ይደርሳል። መላጨቱን አቁሞ የቆዳ ሐኪም ማየት ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው አለርት ሆስፒታል ለቆዳ የታወቀ መሆኑን ያውቃል። ቆረቆርም በመላጨት አይድንም። ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚኖር የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ የተላጨበት ማሽን ደግሞ ለቤተሰቡ ሁሉ ያዳርሰዋል።

ቤት ውስጥ አንድ ማሽን ለሁሉም መሆኑ ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ የሚለውን ስንሰማ ያደግነው ስለ ኤችአይቪ ነው፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ግን ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። ፀጉር ቤት ስለቱ ላይ አልኮል ረጭቶ እሳት መለኮስ የተለመደ ነው፤ ነበልባሉ ለዓይን ያረካል እንጂ ጥርስ መሐል የተሸጎጠ ፀጉርና ደም ካልተጠረገ ብዙ አያደርግም። መጀመሪያ በብሩሽ፣ ቀጥሎ በ70 በመቶ አልኮል በደንብ አርሶ እንዲሁ እስኪደርቅ መተው፣ ከዚያ ዘይት። ምላጭ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ቆዳ ከተቆረጠ አይደንገጥ። የራስ ቆዳ ደም ሥሩ ብዙ ስለሆነ ትንሽ ጭረትም ብዙ ይደማል። በንጹሕ ጨርቅ አምስት ደቂቃ ሳያነሡ መጫን ነው፤ ቆመ አልቆመ እያሉ በየደቂቃው መግለጥ ሥራውን ከመጀመሪያ ያስጀምረዋል። ቡና መነስነስ፣ ቅቤ መቀባት ለቁስል አይሆንም።

ሲያልቅ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ፎጣውን ማሳረፍ እንጂ አለማሸት፣ ከዚያ ሽታ የሌለው ሎሽን ወይም በጣም የሳሳ ቫዝሊን። ሙሉ ራስ ላይ አልኮል ማፍሰስ ጀግንነት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ቆዳውን ያደርቃል፣ የደረቀ ቆዳ ደግሞ ያሳክካል። ማታ መላጨት የሚሻለው ቆዳው ለሊቱን አርፎ ፀሐይ ስለሚያገኘው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ፀጉር ሸፍኖት የኖረ አናት ደግሞ ፀሐይ አያውቅም። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ስህተት ነው። ኮፍያ፣ ወይም 30 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበት የፀሐይ መከላከያ። ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ብርዱም ያስገርማል። ሰፈር ያሉ እናቶች «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» ቢሉም አይገርምም፤ ድሮ ራስ የሚላጨው ለሐዘን ነበርና።

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፣ በቀን 0.3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ትራሱን መያዝ ይጀምራል። ዜሮ ላይ ያለ ሰው በሳምንት አንዴ ይበቃዋል፤ ምላጭ የለመደ በሦስት በአራት ቀን ይመለሳል፣ ከዚያ በታች ግን ቆዳው ለማገገም ጊዜ አያገኝም። አንድ ምላጭ ለሦስት ወይም ለአራት ጊዜ ይሆናል፤ ከተጠቀሙ በኋላ ውሃውን አራግፎ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያራዝማል፣ መታጠቢያ ጠርዝ ላይ የተተወ ግን ይዝጋል። ያለቀው ምላጭ እንዲሁ ፌስታል ውስጥ አይጣልም፤ ቆሻሻ የሚሰበስቡት እጃቸውን ያስገቡበታል። ክዳኑ ላይ በቢላ ጠባብ ቀዳዳ የተበጀለት የዱቄት ወተት ጣሳ ለዓመታት ይበቃል፤ ሲሞላ በፕላስተር ተጠቅልሎ ይወጣል።