ዘመነ ሉቃስ ሲገባ፣ ስለ ጣዎሶቹ

እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2015 የጤና ዓመት ይሁንላችሁ። ለአገራችን ደግሞ ሰላም። በነሐሴ እንደገና የተነሣው ጦርነት ይብቃ። እናቶች ልጅ የሚድሩበት እንጂ የሚቀብሩበት ዓመት አይሁን።

እኛ በምንኖርበት በአሜሪካዋ ጀርሲ ሲቲ መስከረም አንድ ለደስታ ብቻ አይነጋም። ከሃድሰን ወንዝ ማዶ፣ ኒው ዮርክ የነበሩት መንትያ ሕንጻዎች የወደቁት በ1994 የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ይህ ከተማ ጢሱን ከዚሁ ከዳር ሆኖ አይቷል። ልጆቹንም አጥቷል። ዛሬ ጠዋት እኔና እማዬ በሀበሻ ልብስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ፎቁ ላይ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን ጥቁር ለብሰው አበባ ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዱ ነበር። እማዬ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። ሌላ ምን ይባላል?

ትናንት ማታ ደግሞ ኮፕቷ የክፍሌ ልጅ ቀይ ተምር በሳህን ይዛልን መጣች። የእነሱም አዲስ ዓመት ዛሬ ነው፤ ነይሩዝ ይሉታል። እማዬ ከድፎው ቆርሳ አስያዘቻት።

ከ2014 ምን ይታወስሻል ካላችሁኝ መልሴ መጋቢት ነው። መጋቢት ስል ደግሞ የሴንት ፒተርስ ቅርጫት ኳስ ቡድን ማለቴ ነው።

ብዙዎቻችሁ ስሙን የሰማችሁት ያኔ ነው። የእኔ ትምህርት ቤት ነው። የካቶሊክ ኢየሱሳውያን (ጄስዊት) ካህናት እ.ኤ.አ. በ1872 የመሠረቱት፣ ኬኔዲ ቡሌቫርድ ላይ ከሱቆችና ከአውቶቡስ ፌርማታዎች መሃል የተቀመጠ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2012 ድረስ ስሙም ኮሌጅ ነበር። ብዙዎቻችን የስደተኛ ልጆች ነን፤ ከቤታችን ኮሌጅ የገባን የመጀመሪያዎቹ። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሣ አድሮ ጠዋት ክፍል የሚገባ ሞልቷል። መለያችን ጣዎስ ነው።

ማኅበር ላይ ግን ይህ ሁሉ አይጠየቅም። «የት ነው የምትማሪው የኔ ልጅ?» «ሴንት ፒተርስ።» «እሱ ደግሞ የት ነው?» እማዬ ፈጠን ብላ ትገባለች። «ነርሲንግ ነው እኮ የምትማረው!» ሙያዬን ታስቀድምና ትምህርት ቤቴን ትሸፍነዋለች። አልፈርድባትም። አጠገቧ የተቀመጡት ሁሉም ሰው የሚያውቀው የትምህርት ቤት ስም ይዘው መጥተዋል።

መጋቢት 8 ቀን ሐሙስ ነበር፤ የተሸነፈ በሚወጣበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና የመጀመሪያ ጨዋታችን። ጾም ነው። ማዕዴ ላይ ሽሮ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ኬንታኪ። ኬንታኪ ማለት ስምንት ጊዜ የአሜሪካ ሻምፒዮን የሆነ ትምህርት ቤት ነው። የአሠልጣኙ የዓመት ደመወዝ ያኔ ከእኛ የወንዶች ቡድን ሙሉ በጀት በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። እነሱ 16 ቡድን ባለበት ምድብ 2ኛ ደረጃ ተሰጥቷቸው ገቡ፤ እኛ 15ኛ።

አባዬ አዲስ አበባ ነበር። ልቡን ታሞ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። ደወልኩለት። እሱ ጋ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። «ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሪልኝ» አለኝ። አባዬ በወጣትነቱ አራት ኪሎ ወወክማ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር። ኳስ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ አቆምኩት።

ኔትወርኩ ደቂቃ በደቂቃ ይቆማል። ምስሉ ሲደርቅበት እኔ እናገርለታለሁ። «አሁን ማን ያዘ?» «ባንክስ።» «አስገባ?» «አስገባ!» ዳሪል ባንክስ ያን ቀን 27 ነጥብ አስቆጠረ። አባዬን የማረከው ግን ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ የገባው ዳግ ኤደርት ነው። ስሙ አልያዝለት አለ። «ባለ ሪዙ» አለው፤ በቃ ባለ ሪዙ ሆኖ ቀረ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ እየተመራን ነበር። ባለ ሪዙ ወደ ውስጥ ሮጠ፣ ከረጃጅሞቹ እጅ በላይ ከፍ አድርጎ ለቀቃት። 71 ለ71! አባዬ ጮኸ። ከጀርባው የአክስቴ ድምፅ «ኧረ ልብህን!» ሲል ይሰማኛል።

በጭማሪው ሰዓት 85 ለ79 አሸነፍን።

አባዬ ያን ሌሊት ስለ ነጥብ ብዙም አላወራም። «እግራቸውን እይ» ነው ያለኝ። «ኳሷን ተያት፣ እግራቸውን እይ። መከላከል በእጅ አይደለም።» እውነቱን ነው። የእኛው ኬሲ ንደፎ በሊጋችን ለሦስት ተከታታይ ዓመት ምርጥ ተከላካይ የተባለው ለዚህ ነው። ከማሊ የመጡት መንትያዎቹ፣ ሐሰንና ፉሴይኒ ድራሜም እንደዚያው። ከማሊ መሆናቸውን ስነግረው «አየሽ!» አለኝ። የራሱን ወንድሞች ያገኘ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ቅዳሜ ሙሬይ ስቴትን 70 ለ60። በሳምንቱ ዓርብ ፊላደልፊያ ላይ ፐርዱን 67 ለ64፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 የሚደርስ ልጅ ያላቸውን! 15ኛ ሆኖ ገብቶ ምርጥ ስምንት ውስጥ የደረሰ ቡድን ከዚያ በፊት በውድድሩ ታሪክ አልነበረም። አሠልጣኙ ሻሂን ሆሎዌይ ከሙሬይ ስቴት በኋላ ልጆቼ የኒው ጀርሲና የኒው ዮርክ ልጆች ናቸው፣ ምን የሚፈሩ መሰላችሁ ሲል፣ ካፌ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ጠረጴዛ ደበደብን።

እሑድ፣ በደብረ ዘይት ዕለት፣ ኖርዝ ካሮላይና 69 ለ49 አሸነፈን። አዝነናል። ግን ማንም ቶሎ ወደ ቤቱ አልሄደም። ሰማያዊ ቲሸርት የለበሰ ሁሉ ቡሌቫርዱ ላይ ቆሞ ያወራል። አውቶቡስ ነጂው ሳይቀር ጥሩምባውን እየነፋልን ያልፋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ማኅበር ላይ እማዬ ከነጠላዋ ሥር የሴንት ፒተርስ ቲሸርት ለብሳ መጣች። ማንም ሳይጠይቃት «የልጄ ትምህርት ቤት ነው» አለች። ደስ አለኝ። ትንሽም ከፋኝ። ኬንታኪን ባናሸንፍስ? ያው ቤተ ሙከራ፣ ያው መምህራን፣ ያው እኔ አይደለሁም?

ቡድኑ እንደ ሠርግ ድንኳን ተነቀለ። ሆሎዌይ በሦስተኛው ቀን በተጫዋችነቱ ወደሚታወቅበት ሴተን ሆል ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ንደፎ ተከተለው። ባለ ሪዙ ብራያንት ገባ፣ ባንክስ ሴንት ቦናቬንቸር፣ መንትያዎቹ ፊላደልፊያ ያለው ላሳል። ከ2013 ጀምሮ ተጫዋች ትምህርት ቤት ሲቀይር አንድ ዓመት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ቀርቶለታል፤ በስሙም ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶለታል። ትልልቆቹ ደግሞ ዓይናቸውን የጣሉበትን አያጡም።

ካምፓስ ውስጥ «ከዱን» ያሉ ነበሩ። እኔ በዚህ አልስማማም። የተሻለ እንጀራ ፍለጋ አገር ጥሎ በመጣ ሰው ቤት ያደግን ልጆች በምን አፋችን እንፈርዳለን? ልጆቹ ለዓመታት ላባቸውን ሰጥተውናል። በየሄዳችሁበት ይቅናችሁ። እግራችሁን አደራ፣ ይላችሁ ነበር አባዬ።

አባዬ በሰኔ ዐረፈ። ለቀብሩ አልደረስኩም። ከማረፉ በፊት በነበረው ሰንበት እንኳን የጠየቀኝ ስለ ቡድኑ ነው። አዲስ አሠልጣኝ መምጣቱን፣ ባሺር ሜሰን እንደሚባል፣ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ጀርሲ ሲቲ እንደሆነ ነገርኩት። «የሰፈር ልጅ ጥሩ ነው» አለ። ድምፁ ደክሞ ነበር። እኔ እንቅልፍ አጥቶ መስሎኝ «በቃ ተኛ አባዬ» አልኩት። ነፍሱን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልኝ።

ስለዚህ የዘንድሮው ምስጋናዬ ስም ባይጠራም ባለቤት አለው። መርዶውን በማለዳ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከዚያም እማዬን ሳትለዩ ቡና እያፈላችሁ የሰነበታችሁ የማኅበር እናቶች፤ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ለቅሶ ቤት ምን እንደሚደረግ ሳያውቁ መጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ጥግ ይዘው የተቀመጡት የክፍሌ ልጆች። ስለ አባዬ ሊያወሩኝ ጊዜያቸውን የሰጡኝ፣ ጸሎት ከመጀመራቸው በፊት «አባትሽ ምን ቦታ ነበር የሚጫወተው?» ብለው የጠየቁኝ አረጋዊ ኢየሱሳዊ ካህን። ከሐዘን ስመለስ ምንም ሳይሉ በሩን ከፍተው ትከሻዬን መታ ያደረጉኝ የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ። ተምር ያመጣችልኝ ኮፕቷ እህቴ፤ በመጋቢት ከእኔ ጋር ጾማ፣ ከእኔ ጋር ጮኻ፣ በሰኔ ከእኔ ጋር ያለቀሰችው።

አንድ ያልነገርኳችሁ አለ። ወንዶቹ በሚጫወቱበት አዳራሽ ሴቶቹም ይጫወታሉ። አዳራሹ «ራን ቤቢ ራን» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ዱክን 100 ለ71 ባንኮታኮተው ቡድናችን ቅጽል ስም። በመጋቢት የጎረፉት ካሜራዎች ለሴቶቹ አልመጡም። ከአንዷ ጋር የአናቶሚ ቤተ ሙከራ አብረን ወስደናል። ጉልበቷ ላይ የበረዶ ከረጢት በፋሻ አስራ፣ በአንድ እጇ ፍላሽ ካርድ ይዛ፣ የአጥንት ስም እየደገመች ትገባለች። ውኃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ራሷ ጎንበስ ብላ ትወለውለዋለች። እኔ ኩራት ስል እሷንም ነው የማየው። ማንም ባያጨበጭብላት በበነጋው ልምምድ ላይ ናት።

እናም ለሀበሻ ወላጆች የአዲስ ዓመት ምኞቴ ይሄ ነው። ልጃችሁ የሚማርበትን ስም በማኅበር ፊት በሙሉ ድምፅ ጥሩት። ቴሌቪዥን እስኪጠራላችሁ አትጠብቁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም ይሁን፣ የማታ ትምህርትም ይሁን። ልጁ ይሰማችኋል።

እንደ እኔ በ2014 ሰው ያጣችሁ፣ በተለይ አፈር ሳታለብሱ የቀራችሁ፣ ሉቃስ ሐኪሙ ያጽናናችሁ። የመጀመሪያው በዓል ከባድ ነው። ዛሬ እማዬ ስልኳን አንሥታ ወደ አዲስ አበባ ልትደውል ስትል አየኋት፤ አክስቴ ጋ ደወለች።

ውድድሩ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይጀመራል። አዲስ አሠልጣኝ፣ ከሞላ ጎደል አዲስ ቡድን። ምናልባት ብዙ እንሸነፍ ይሆናል። እኔና እማዬ ግን እንሄዳለን፤ በወንዶቹም በሴቶቹም። ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክ አካባቢ ያላችሁ መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እንገባለን። ከሴቶቹ ጨዋታ ጀምሩ። መቀመጫ አይጠፋም፣ ድምፃችሁም እስከ ሜዳው ይሰማል።

መልካም አዲስ ዓመት!