ከሥዕሉ በፊት ፊደሉ፦ የአዲስ የአማርኛ ዌብኮሚክ የሥራ ማስታወሻ

ላለፉት ወራት ስሠራበት የቆየሁት የአማርኛ ዌብኮሚክ (በኢንተርኔት የሚወጣ ሥዕላዊ ታሪክ) የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በአንድ ላይ ወጥተዋል፤ የቀጣዮቹም ንድፍ ተጠናቆ ማቅለም ላይ ደርሻለሁ። ያለ አሳታሚና ያለ ረዳት፣ ጽሑፉንም ሥዕሉንም ስርጭቱንም ብቻዬን የምሠራ በመሆኔ፣ በተመሳሳይ መንገድ ላይ ላላችሁ ሠዓልያን ይጠቅማል ያልኩትን እዚህ አስቀምጫለሁ። አብዛኛው ስለ ፊደል ነው። ስለ አሳሳል የሚያስተምር ቪዲዮና መጽሐፍ ሞልቷል፤ አማርኛ በስልክ ላይ በሚነበብ ሥዕል ውስጥ እንዴት መቀመጥ እንዳለበት የሚያስረዳ ግን ስላላገኘሁ፣ የደረስኩበት ሁሉ እየሞከርኩ ያገኘሁት ነው።

ታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ግንባታው በቆመ ሕንፃ ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሰናይት የምትባል ሴትን ይከተላል። ቦታውን የመረጥኩት በመጀመሪያ ደረጃ፣ ደላላውም ወያላውም ጡረተኛውም ያው አጭር በርጩማ ላይ ጉልበቱን አጥፎ የሚቀመጥበትና ከማያውቀው ሰው ጋር ወሬ የሚጀምርበት ስፍራ በከተማችን ብዙ ስለሌለ ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሠዓሊ ደግሞ አንድ ቦታ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ረከቦቱን፣ የከሰል ምድጃውን፣ ቢጫውን ጀሪካን፣ ከላይ የተወጠረውን ሰማያዊ ሸራና የባሕር ዛፉን መወጣጫ ከተለያየ አቅጣጫ አንድ ጊዜ በደንብ ከሣልኳቸው በኋላ ብርሃናቸውን ብቻ እየቀያየርኩ እጠቀምባቸዋለሁ። ክፍሎቹን በሦስት በሦስት መድቤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ እንድሰይማቸው ከአንድ በላይ ሰው መክሮኛል። ምክሩን አልተቀበልኩትም። በመንገድ ዳር ቡና አንድ ስኒ ጠጥቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ የሚነሣ እንጂ በረካ የሚጠብቅ ደንበኛ የለም፤ ይህን በየቀኑ የሚያይ አንባቢ ገና ከርእሱ ይታዘበኛል።

አቀራረቡ ከላይ ወደ ታች በጣት እየገፉ የሚያነቡት ዓይነት ነው፤ የደቡብ ኮሪያው ኩባንያ ናቨር በ2004 እ.ኤ.አ. የዌብቱን አገልግሎቱን ከጀመረ ወዲህ የተስፋፋው ስልት ማለት ነው። የዌብቱን መድረክ የሚቀበለው ስፋት 800 ፒክሰል ሲሆን፣ ረጅሙ ሥዕል ደግሞ ቁመታቸው ከ1280 ፒክሰል ያልበለጠ ቁርጥራጮች ሆኖ ይጫናል። እኔ የምሥለው በ2400 ፒክሰል ስፋት ነው፤ ሲወጣ ወደ ሲሶው አሳንሰዋለሁ። ምክንያቱ ኅትመት ነው። አንድ የኤ5 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 1748 በ2480 ፒክሰል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ገና ከጅምሩ በ800 የሠራ ሰው፣ ሥራው አንድ ቀን መጽሐፍ ይሁን ቢባል ሁሉንም እንደገና ለመሣል ይገደዳል።

አሁን ወደ ፊደሉ ልመለስ። በስልክ ስፋት ላይ የአማርኛ ፊደል የሚጠፋው በአካሉ ሳይሆን በቅጥያው ነው። ሣልሱን ከኃምሱ የሚለየው እግሩ ሥር ያለች አንዲት ትንሽ ሰረዝ ወይም አንዲት ትንሽ ቀለበት ናት፤ ፊደሉ ሲያንስ ወይም ሲወፍር ቀለበቷ ትደፈንና ከሰረዟ ጋር ትመሳሰላለች። «ቤቴን አየኋት» እና «ቤቲን አየኋት» በታሪኬ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ስለ ፈረሰች ቤት፣ ሁለተኛው ስለ ጠፋች ልጅ። እንዲሁም ሰን ከሸ፣ ተን ከቸ፣ ነን ከኘ የሚለየው ከራሱ ላይ ያለው አግዳሚ ነው፤ «መጣሽ» እና «መጣስ» የሚለያዩትም በዚሁ ነው። ስለዚህ በ800 ፒክሰል ስፋት ላይ የንግግር ፊደሌን ከ36 ፒክሰል በታች አላወርደውም። የፕሮግራሙን ሰው ሠራሽ ማወፈሪያም ትቼዋለሁ፤ ፊደሉን ዙሪያውን በቀለም የሚያሳብጥ ስለሆነ መጀመሪያ የሚደፍነው እነዚያኑ ቀለበቶች ነው። ገጸ ባሕርይ ሲጮህ ፊደሉን አላወፍርም፣ አተልቀዋለሁ። አዘንብሎ መጻፍም ለአማርኛ አይስማማውም፤ ፊደሉ ሊወድቅ የተቃረበ ይመስላል።

ሌላው ጣጣ የቃሉ ርዝመት ነው። አማርኛ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም በአንድ ግስ ላይ ስለሚጭን፣ «አልነገርኳቸውም» ወይም «እንዳላስቸገርኩሽ» የሚል አንድ ቃል ብቻውን መሥመር ይሞላል። በብራና መጻሕፍት ጸሐፊው ቃሉን የትም ቦታ ቆርጦ ወደሚቀጥለው መሥመር ይወርዳል፤ ቃላቱን የሚለየው ሁለት ነጥብ ስላለ አንባቢው አይደናገርም። ዛሬ በባዶ ቦታ ለሚለያይ ጽሑፍ ግን ያ አይሠራም፤ የተቆረጠው ቁራጭ ራሱን የቻለ ቃል ይመስላል። ከውጭ ኮሚኮች የለመድነው ቁመታም ባብል (ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ) በዚህ ምክንያት አይሆነንም፤ ሰፋ ብሎ ጠፍጠፍ ያለ፣ ሁለት ወይም ሦስት መሥመር የሚይዝ ባብል ይሻላል። ሰፊ ባብል ደግሞ የፓነሉን፣ ማለትም የአንዱን የሥዕል ሳጥን፣ ስፋት ይወስዳል፣ የሰውየውን ትከሻ ይሸፍናል፣ ፊቱን ወደ ታች ይገፋል። ስለዚህ የሥራዬን ቅደም ተከተል ገለበጥኩት። በመጀመሪያ ንግግሩን በትክክለኛ መጠኑ ባዶው ገጽ ላይ እደረድራለሁ፤ ወደ ታች እየገፋሁ በስልኬ ላይ አነበዋለሁ፤ ያለ ሥዕልም ከተነበበልኝ በኋላ ሰዎቹን በቀረው ቦታ ላይ አስገባለሁ።

ከሁሉም የበለጠ ያስደሰተኝ ግን የአረፍተ ነገሩ አወቃቀር ነው። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አንድን አረፍተ ነገር በሁለት ባብል ከፍሎ በመካከላቸው ባዶ ቦታ መተው ብቻውን አንባቢን ያንጠለጥላል። በሁለተኛው ክፍል ጋሽ ታምሩ፣ የሰናይት አከራይ፣ በርጩማው ላይ ተደላድለው «የቤቱን ኪራይ ከመጪው ወር ጀምሮ…» ይላሉ። ከዚያ ንግግር የለም። ሰናይት ጀበናውን ታነሣለች፤ ቡናው ስኒው ውስጥ ሲወርድ ይታያል፤ እሳቸው ስኒውን ወደ ከንፈራቸው ያስጠጋሉ፤ ቀጥሎ አንድ ሙሉ የስልክ ስክሪን የሚያህል ባዶ ነጭ ቦታ አለ። «ጨምሬያለሁ» የሚለው ከዚያ በታች ብቻውን ይመጣል። እስከዚያ ድረስ «ቀንሼልሻለሁ» ወይም «ትቼልሻለሁ» ሊሉ ይችሉ ነበር፤ አንባቢው ሁሉንም እየገመተ በጣቱ ይገፋል። ይህን ስልት ግን በየክፍሉ ከአንድ ጊዜ በላይ አልጠቀምበትም፤ ከተደጋገመ ብልሃቱ ይነቃበታል።

አንቱታውና አንቺታውም በሥዕል ሊገለጽ የሚገባውን ብዙ ሥራ ይቀንስልኛል። ሰናይት ጋሽ ታምሩን አንቱ ትላለች፣ እሳቸው እሷን አንቺ ይሏታል፤ የሁለቱን አቋም ለማስረዳት ተጨማሪ ፓነል አያስፈልግም። በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብላ ስትናገራቸው፣ ፊቷን አልሣልኩትም፤ የሣልኩት የከሰሉን ምድጃ ነው። የጻፉልኝ አንባቢዎች ሁሉ ለይተው ያነሡት ያንን ፓነል ነው።

የድምፅ ቃላት ላይ አማርኛ ባለጸጋ ነው፤ «አለ» ከሚለው ግስ ጋር የሚሄዱት ቃላት ድምፅን ብቻ ሳይሆን ጸጥታን፣ ድንጋጤንና ሁኔታንም ይሥላሉ። ሙቀጫው ድው ድው ይላል፤ ቡናው ቱግ ሲል ግቢው ሁሉ ይሸታል፤ ሰው ቱግ ሲልም ያንኑ ቃል በዚያው የፊደል ቅርጽ በባለቤቱ ራስ ላይ እጽፈዋለሁ። ጭጭ፣ ክው፣ ጭር የሚሉትን ግን በትልቁ አልጽፋቸውም፤ የጸጥታ ቃል ጮክ ብሎ መታየት የለበትም የሚል እምነት ስላለኝ፣ ከፓነሉ ጥግ በቀጭን ብዕር አስቀምጣቸዋለሁ። ስላቅ ሲኖር ደግሞ ትእምርተ ሥላቅን (¡) እጠቀማለሁ። በካርቱን ሥራዎች ውስጥ የኖረ፣ ለኮሚክም የተፈጠረ የሚመስል ምልክት ሆኖ ሳለ ወጣቶቹ አንባቢዎች በስሕተት የተገለበጠ ቃለ አጋኖ እንደሚመስላቸው አስተውያለሁ። ቢሆንም አልተውኩትም።

ስለ ሥዕሉ በአጭሩ ልናገር። በፓነል ከፍሎ ታሪክ መተረክ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በየሱቁ የሚሸጠው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ሳጥኖች ተከፋፍሎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከሥሩ ጽሑፍ ይዞ የሚነበብ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የወሰድኩት አንድ ሕግ አለ፦ ቅዱሳን ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ፣ ክፉዎች ግን በጎናቸው ተሥለው በአንድ ዓይን ብቻ ይቀራሉ። ደላላውን ሁልጊዜ በጎኑ እሥለዋለሁ። አንባቢው ምክንያቱን ባያውቅም እንኳ ሰውየውን ሳያምነው ይቀራል፤ ሁለተኛው ዓይኑ የሚታይበት ክፍል መቼ እንደሚመጣ አስቀድሜ ወስኛለሁ፣ አሁን ግን አልናገርም።

መሣሪያዎቼ ነጻ ፕሮግራሞች ናቸው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ በብር ከእጥፍ በላይ ስለተወደደ፣ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ፕሮግራም ላይ መደገፍ ለእኔ ዓይነቱ ሠዓሊ አያዋጣም። ሥዕሉን በክሪታ እሠራለሁ፤ የክሪታ የጽሑፍ መሣሪያ ግን ለብዙ ባብል አድካሚ ስለሆነብኝ ፊደሉን በኢንክስኬፕ እደረድራለሁ፤ በዚህም ፊደሉ በቬክተር (በፒክሰል ሳይሆን በመሥመር ቅርጽ) ስለሚቀመጥ ለስልክም ለኅትመትም ሳይደበዝዝ ያገለግለኛል። ለንግግሩ ለጊዜው የምጠቀመው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው፤ ለተራኪው ጽሑፍ ደግሞ የብዕር ጠባይ ያለውን አቢሲኒካ ኤስአይኤልን መርጫለሁ፣ በእሱም ላይ ሁለት ነጥቡን እመልሳለሁ። ሁለቱም ለንግድ ሥራ እንኳ በነጻ የሚፈቀዱ ናቸው። ቀለሙ ጠፍጣፋና ጥቂት ነው፤ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ የቄጠማ አረንጓዴ፣ አንድ ጥላ።

አብዛኛው የአገር ውስጥ አንባቢ የሚያነበው በቴሌግራም በመሆኑ ለእሱ የተለየ ዝግጅት አደርጋለሁ። ቴሌግራም በተለመደው የፎቶ አላላክ የምስሉን ረጅም ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ስለሚያሳንስ፣ ረጅሙን ሥዕል ሳይቆርጥ የላከ ሰው ፊደሉ ጭጋግ ሆኖ ያገኘዋል። በ800 በ1280 እየቆረጥኩ፣ ቁራጩ ባብል እንዳይከፍል እየተጠነቀቅኩ እልካለሁ። በአንድ ጥቅል የሚገባው 10 ፎቶ ስለሆነ፣ አንድ ክፍል ከ10 ቁራጭ እንዳይበልጥ አድርጌ እጽፋለሁ። ገደቡ በመጀመሪያ አበሳጭቶኝ ነበር፤ አሁን ግን ታሪኩን ከማንዛዛት ስለሚጠብቀኝ ለዌብቱን መድረክ ስሠራም አልለቀውም።

ገቢን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። ለአገር ውስጥ ደጋፊ ቴሌብር በቂ ነው። ከዋሽንግተንና ከዱባይ ልንደግፍህ እንፈልጋለን የሚሉ አንባቢዎች አሉ፤ የኢንተርኔት ክፍያ አቀባባዩ ስትራይፕ በኢትዮጵያ ላለ ባለሙያ አካውንት ስለማይከፍት ግን በዚያ በኩል ገና መፍትሔ አላበጀሁም። ክፍሎቹን ስሜን ቆርጠው የሚያሰራጩ ቻናሎችም ብቅ ብለዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው እንደተፈጠረ፣ ያለ ምንም ፎርማሊቲ፣ ለደራሲው መብት ይሰጣል፤ ይህን ጠቅሼ በትሕትና ስጽፍላቸው ያነሡት አሉ፣ መልስ የነፈጉኝም አሉ። አሁን ፊርማዬን ከገጹ ግርጌ አንሥቼ ሰናይት ስኒ በምታስቀምጥበት ረከቦት ላይ እንደ ጌጥ እየሣልኩት ነው፤ ቆርጦ ማውጣት የፈለገ ስኒዎቹንም አብሮ ይቆርጣል።

በእጄ ያለው ሥራ የራሴን የእጅ ጽሑፍ ወደ ፎንት መለወጥ ነው። የላቲን ኮሚክ ፊደል የሚሠራ ሰው 26 ትልልቅ ፊደላትን ጽፎ ወደ ሥራው ይገባል፤ እኔ 33ቱን በሰባት አባዝቼ 231፣ በላዩም ቋን፣ ጓን፣ ሟንና ዘመዶቻቸውን መጻፍ አለብኝ። ግእዙንና ራብዑን ፎንት መሥሪያ በሆነው በፎንትፎርጅ አስገብቻለሁ። ኃምሱ ላይ ቀለበቱን ከተለመደው ሰፋ አድርጌ፣ ከእግሩም ጥቂት አርቄ እየሞከርኩ ነው። ሲና ሴ፣ ቲና ቴ፣ ኒና ኔ ጎን ለጎን የተጻፉበት አንድ የሙከራ ገጽ አዘጋጅቻለሁ፤ ከእናንተ መካከል ስክሪኑ አነስ ያለ ወይም አሮጌ ስልክ ያለው ሰው ገጹን ከፍቶ፣ ሳያጎላ፣ የትኞቹን ጥንዶች መለየት እንዳቃተው ቢጽፍልኝ የቀለበቱን ስፋት በዚያ መሠረት አስተካክላለሁ።