የገብስን ፍሬ ለሁለት ከፍዬ ያየሁት

በቤታችን ጠላ ይጠመቅ ስለነበር ብቅል የሚሆነው ገብስ ሲነከርና ሲጎነቆል እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ለመመረቂያ ጽሑፌም የመረጥሁት የጎነቆለ ገብስ የሚጣፍጥበትን ምክንያት ነው። የገብስ ፍሬ አብዛኛው ክፍል በስታርች የተሞሉ ሙታን ሕዋሳት ሲሆኑ፣ በዙሪያቸው ያለው አሉሮን የተባለ ስስ ሽፋን ግን በሕይወት ይቆያል። ዮሞ በጃፓን፣ ፓሌግ በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1960 ለየብቻ እንዳሳዩት፣ ጂበረሊን የተባለው ሆርሞን ሽል በሌለው የገብስ ፍሬም ውስጥ ስታርች የሚሰባብረው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም እንዲመነጭ ያደርጋል። በተፈጥሮ ይህን ሆርሞን የሚልከው ሽሉ ነው።

ይህን በእጄ ለማየት ፍሬዎቹን ከወገባቸው ቆርጬ፣ ሽል ያለበትንና የሌለበትን ግማሽ ስታርች በተቀላቀለበት አጋር (እንደ ጄሊ የሚረጋ የቤተ ሙከራ መደብ) ላይ የተቆረጠ ፊታቸውን ወደ ታች አድርጌ አስቀመጥሁ። ከ48 ሰዓት በኋላ አዮዲን ሲፈስበት ስታርቹ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ የተበላው ቦታ ይነጣል።

በመጀመሪያው ሙከራ ሽል የሌላቸውም ሳይቀሩ የሁሉም ዙሪያ ነጣ። ሽል የሌላቸው ግማሾች ከሽሉ የተረፈ ሆርሞን ይዘው ይሆናል ብዬ ብዙ ቀናት ባከንሁ፤ እውነቱን ያወጣው ለማነጻጸሪያ ያስቀመጥሁት የተቀቀለ ፍሬ ነው፣ እሱም ዙሪያው ነጥቶ ተገኘ። የተቀቀለ ፍሬ ኢንዛይም አያመነጭም፤ አንዳንድ የአፈር ባክቴሪያዎች ግን አሚሌዝ ያመነጫሉ፣ ስፖራቸውም (ክፉ ጊዜ የሚያልፉበት ጠንካራ ቅርጻቸው) መፍላትን ይቋቋማል። ከዚያ ወዲህ ፍሬውን በበረኪና አጥቤ በንጹሕ ውኃ ደጋግሜ ሳላለቀልቅ አልጀመርሁም።

ሁለተኛው ስሕተት የራሴ ችኮላ ነበር። ሽል ለሌላቸው ግማሾች በሽሉ ፈንታ የምሰጠውን ጂበረሊን ከአጋሩ ጋር አብሬ በግፊት ማብሰያው አፈላሁት፤ ሙቀቱ ሆርሞኑን ስለሚያበላሸው ምንም አልታየም። በጥቂት አልኮል አሟሙቼ፣ አጋሩ ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ በሊትር 0.35 ሚሊግራም ገደማ ስጨምር ግን ሽል የሌላቸው ግማሾች ጥርት ያለ ነጭ ክብ ሠሩ። ሆርሞን ባልጨመርሁበት ሳህን ላይ የታየው ወይን ጠጅ የመሰለ ደብዛዛ ጠርዝ ለጊዜው ቢያሳስበኝም፣ ቤታ አሚሌዝ የተባለው ሌላው የአሚሌዝ ዓይነት በደረቅ ፍሬ ውስጥ አስቀድሞ ስለሚገኝ የሚጠበቅ ነገር ነው።

ከሁሉ የወደድሁት የመጨረሻውን ሳህን ነው። ከጂበረሊኑ ጋር አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሌላ የዕፅዋት ሆርሞን ስጨምር ክቡ ሳይታይ ቀረ፤ ሽፋኑ ጂበረሊኑ እየደረሰው ዝም አለ። ይኸው አሲድ ዘሩ ገና በእናት ተክሉ ላይ ሲጎመራ በውስጡ ይጠራቀምና ጊዜው ሳይደርስ እንዳይበቅል ይይዘዋል። የእሱ ኃይል በደከመበት ዝርያ ላይ በአጨዳ ሰሞን ዝናብ ከጣለ፣ ገብሱ ሳይታጨድ በዛላው ላይ ይጎነቁላል።