ባነሩ ላይ የጠፋው መስመር

ሎጎውን ስሠራው ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነበር። ኢለስትሬተር በሚባለው የስዕል ፕሮግራም ነው የሠራሁት። የፊደሎቹ ዙሪያ 2 ፖይንት ውፍረት ያለው ነጭ ስትሮክ (የዙሪያ መስመር)፣ ውስጣቸው ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ውሃ ሰማያዊ የሚፈዝ ግራዲየንት፣ ከሥራቸው ደግሞ ለስላሳ ጥላ። ደንበኛዬ ወደደችው። ከሳምንት በኋላ ደውላ "ይሄንኑ 3 ሜትር ባነር ላይ አውጣልኝ" አለችኝ።

ቬክተር ስለሆነ፣ ማለትም በፒክስል ነጥቦች ሳይሆን በሒሳብ በተገለጹ መስመሮች ስለተሠራ፣ ምንም ያህል ቢለጠጥ አይበላሽም ብዬ 30 እጥፍ አሳደግሁት። ጥራቱን ለማየት የአንዱን ፊደል ጫፍ ዙም አደረግሁ። መስመሩ አለ፣ ጥርት ያለ ነው። ፋይሉን ላክሁ።

በማግስቱ አታሚው ጠራኝ። ባነሩን መሬት ላይ ዘርግቶታል። "ነጩ መስመር የታለ?" አለኝ። ጎንበስ ብዬ ፈለግሁት። አለ፤ ግን ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰች ክር ናት። ሦስት እርምጃ ራቅ ስል የለችም። ፊደሎቹ ከጥቁሩ ሰማያዊ መደብ ጋር ተዋህደዋል። ጥላው ጫፋቸው ላይ ተለጥፎ እድፍ መስሏል። ደህና የወጣው ግራዲየንቱ ብቻ ነው።

ያን ቀን ቁጭ ብዬ ምክንያቱን ፈለግሁ። ግራዲየንት የሚለካው በቅርጹ ስፋት ስለሆነ ቅርጹ ሲያድግ አብሮ ይዘረጋል። ስትሮክና ጥላ ግን ቁጥር ናቸው። 2 ፖይንት ብዬ ያዘዝኩት 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ካልነገርኩት በቀር ሎጎው 3 ሜትር ቢሆንም እዚያው 2 ላይ ይቆያል። ጥላውም የነበረው 7 ፖይንት ርቀት ላይ ቀርቷል። ፕሪፈረንስ (የፕሮግራሙ ማስተካከያ) ውስጥ ስትሮክና እንደ ጥላ ያለ ኢፌክት አብረው እንዲያድጉ የሚያዝ ሳጥን አለ። የእኔ ላይ ምልክት አልነበረበትም። ኢንክስኬፕ የሚባለው ሌላ የስዕል ፕሮግራምም ለስትሮክ ተመሳሳይ ምርጫ አለው።

ሳጥኑን ምልክት አድርጌ ከዋናው ፋይል እንደገና አሳደግሁ። ስትሮኩ 60 ፖይንት፣ የጥላው ርቀት 210 ሆነ። እዚህ ላይ ሌላ ነገር ገባኝ፦ ጥላው ቬክተር አይደለም፣ የሚወጣው በፒክስል ነው። የፋይሌ የኢፌክት ጥራት በኢንች 72 ፒክስል ላይ ነበር። 300 ሳደርገው ኮምፒውተሩ ተንገዳገደ። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ 150 በቂ ነበር።

ሁለተኛውን ባነር በራሴ ወጪ አሳተምኩ። ከመላኬ በፊት ግን ሙሉ ሎጎውን ስክሪኑ ላይ አሳንሼ፣ ከወንበሬ ተነስቼ ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት። ነጩ መስመር ይታያል።

በወሩ ያው ሎጎ ለቢዝነስ ካርድ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ ነበረበት። ያ ሳጥን ባዶ ሆኖ ቢሆን ኖሮ 2 ፖይንቱ የ"መ"ን ሁለት ቀዳዳዎች ይደፍናቸው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ኮፒ አስቀምጬ፣ ስትሮኩን ወደ ቅርጽ ቀይሬ ነው ያሳነስኩት። ከካርዱ ላይ ጥላውን አወጣሁት። በዚያ ልክ ፊደሉን ከማደብዘዝ በቀር ሥራ የለውም።