መምህሩ ሳይዘጋጅ ተማሪው መስክ አይውጣ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን «የማኅበረሰብ አገልግሎት» ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ችግኝ ተከላ፣ ደም ልገሳና የክረምት በጎ ፈቃድ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ኮርስ ግን አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት እንኳ ተማሪውን ለአንድ ዓመት ከትምህርቱ አውጥቶ፣ በአብዛኛው በአስተማሪነት፣ ወደየክፍለ ሀገሩ የሚልክ ነበር። የጅማ ዩኒቨርሲቲ መንገድ ይለያል፤ በ1983 እ.ኤ.አ. በጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትነት የተቋቋመው ይህ ተቋም የመስክ ሥራን ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር አስተሳስሮታል። ተማሪው መጀመሪያ የማኅበረሰቡን ችግር ያጠናል፣ ቀጥሎ ያቅዳል፣ ከዚያ ይሠራል፤ ውጤትም ይያዝበታል።

ይህን አሠራር በሌሎች ትምህርት ክፍሎች ለማምጣት ለመምህራን የሚዘጋጀው ሥልጠና ብዙ ጊዜ ፓወር ፖይንት ታይቶ፣ የአበል ፎርም ተፈርሞ ይበተናል። የሚሻለው እያንዳንዱ መምህር አንድ የራሱን ኮርስ አውትላይን ይዞ እንዲመጣና አሻሽሎት እንዲሄድ ማድረግ ነው። ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሦስት ግማሽ ቀን ይበቃል።

የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ሰዓት ቆጠራ ነው። የ5 ኢሲቲኤስ (የተማሪን ጠቅላላ የሥራ ሰዓት የሚለካ ክሬዲት) ኮርስ፣ አንዱ በ27 ሰዓት ሲሰላ፣ 135 ሰዓት ይሆናል። 48ቱ ሌክቸር ከሆነ ለመስክ የሚያስፈልገው 24 ሰዓት ከአሳይመንትና ከግል ጥናት ላይ መቀነስ አለበት። በላዩ ላይ ከተጨመረ ተማሪው ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ስሙን ቀይሮ ያስገባል፤ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ግማሽ ቀን ቦታው ላይ ይሁን። ለምሳሌ የአካውንቲንግ መምህር የዕድር መዝገብን ለኮርሱ ሊጠቀም ካሰበ፣ ቀድሞ ከዕድሩ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ጋር ይቀመጥ። «ምን እንርዳችሁ?» ብቻ ብሎ ከጠየቀ መልሱ «ገንዘብ» ነው። «ዓመታዊ ሂሳብ ስትዘጉ የትኛው ላይ ትቸገራላችሁ?» ካለ ግን ሥራው ይገኛል። በአንድ ገጽ ላይ ሥራው፣ ቀኑና ተጠሪው ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ። መዋጮውን ያላደረሰ ሰው ስም መዝገቡ ላይ ስላለ ተማሪ በስልኩ ፎቶ እንዳያነሳ እዚያው ይጻፍ፤ ይህ ከተዘለለ ዕድሩ ሁለተኛ በር አይከፍትም። ለአንድ ጸሐፊ በአንድ ጊዜ ከአራት ተማሪ በላይ አይላክ። 40 ተማሪ ካለ አምስት ዕድር በሁለት ዙር ይበቃል፤ የመጀመሪያው ዙር ይመዘግባል፣ ሁለተኛው ያመሳክራል።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው፦ የተማሪን ሪፍሌክሽን፣ ማለትም ከመስክ ሥራው የተማረውን አስቦ የጻፈውን፣ ማረም። ኤችዲፒ (ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚሰጠውን የማስተማር ሙያ ሥልጠና) የወሰደ መምህር ራሱ ሪፍሌክሽን ጽፏል፤ የሌላውን ማረም ግን አልተለማመደም። «ከመስክ ምን ተማርክ?» ብሎ የጠየቀ «ማኅበረሰቡን አገልግለናል፣ ብዙ ልምድም ቀስመናል» የሚል መልስ ያገኛል፤ ይህ ደግሞ ለየትኛውም ኮርስ ይሆናል። ጥያቄው የኮርሱን ጽንሰ ሐሳብ ይንካ፦ «አንድ አባል የሦስት ወር መዋጮ አልከፈለም። በአክሩዋል አሠራር (ገቢ ገንዘቡ ሲገባ ሳይሆን መከፈል ሲገባው በሚመዘገብበት) ይህ ተሰብሳቢ ሂሳብ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ ለምን አልመዘገበውም? ቢመዘግበው ለዓመታዊው ስብሰባ ምን ይለወጣል?» ይህን ለመመለስ መዝገቡን ማየትም ኮርሱን ማወቅም ያስፈልጋል።

ለልምምድ፣ ሠልጣኞቹ ሁለት የተማሪ ጽሑፎችን (ስም የሌላቸው) ለየብቻቸው ከ5 ይረሟቸው፤ ከዚያ ነጥባቸውን ያወዳድሩ። ልዩነቱ ከሁለት ነጥብ ካለፈ መመዘኛው ግልጽ አይደለም፤ እዚያው ይስተካከል። መስክ ላይ ለተገኘበት ሰዓት ብቻ ነጥብ አይሰጥ፤ ለመስክ ሥራው 30 በመቶ ከተያዘ 15ቱን ለሦስት ሪፍሌክሽኖች፣ የቀረውን ለተሠራው መዝገብ መስጠት ያስኬዳል።

መኪናና ነዳጅ በትምህርት ክፍሉ ዕቅድ ካልገባ የቀረው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ በእግር የሚደረስ ዕድር መምረጥ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ተማሪዎቹ ሥራቸውን ለዕድሩ አባላት የሚያቀርቡበት ቀን ከፋይናል ፈተና ሁለት ሳምንት በፊት ይሁን፣ ዕድሩ በሚሰበሰብበት ዕለት። «ከፈተና በኋላ» የተባለ ቀን ላይ ተማሪው አገሩ ገብቷል።